አማቴና የአልቤሮቤሎ ጣሪያዎች

ከአማቴ ጋር ጣሊያን እሄዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጉዞው የእሳቸውና የባለቤቴ ነበር። እሷ ኦክላንድ ውስጥ ነርስ ናት፤ መሄጃቸው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አለቃዋ ቬኬሽኗን ካንስል አደረገባት። የራሷን ትኬት መለሰችና ለእኔ ሌላ ቆርጣ "አንተ ውሰዳቸው" አለችኝ። ሚልፒታስ የምሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ በዚያ ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞበት ስለነበር ፈቃድ ለማግኘት አልተቸገርኩም።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። አማቴ አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ በግንበኝነት ልጆች አሳድገው፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ወደ እኛ የመጡ ሰው ናቸው። እሁድ እሁድ ከሳን ሆዜ እየነዳን ኦክላንድ ቴሌግራፍ አቬኑ አጠገብ ያለችው አፓርታማቸው ስንሄድ ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ ይውላሉ። እኔን ግን "ሥራ እንዴት ነው?" ይሉኛል። "ደህና ነው፣ አባባ" እላለሁ። በቃ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከዚያ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ጣሊያን መሄድ ለምን እንደፈለጉም አልነገሩንም። "ላየው የምፈልገው ቤት አለ" ብቻ ነው ያሉት።

ከሮም ወደ ባሪ፣ ከባሪ ደግሞ በትንሽ ባቡር ወደ አልቤሮቤሎ ተጓዝን። መሬቱ ቀይ ነው፤ በወይራ ዛፎቹ መካከል የተካበው የድንጋይ ካብ ማለቂያ የለውም። አማቴ ከመስኮቱ ሳይነሱ ካቡን ሲያዩ ቆዩና ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

"አስመራ ወጣት ግንበኛ ሳለሁ አለቃችን የዚህ የምንሄድበት ከተማ ሰው ነበር። የእናቴ ቤት ጣሪያው ድንጋይ ነው፣ ሲሚንቶ የለው፣ ኖራ የለው፣ የሚይዘው እንጨት የለው ይለን ነበር። አንድ ቀን በሠራተኛው ሁሉ ፊት ውሸታም አልኩት።"

"ምን አደረገዎት?"

"አባረረኝ፤ ሌላ ምን ያደርጋል?" ዓይናቸውን ከካቡ ሳይነቅሉ ቀጠሉ። "ደግ ሰው አልነበረም። እኛ ከበርሜል ስንጠጣ እሱ ለብቻው ከጠርሙስ ነበር የሚጠጣው። ግን ዋሽቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ሳላይ መሞት አልፈልግም።"

ከተማው ስንደርስ መሽቶ አልነበረም። ቤቶቹ በኮረብታው ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ግድግዳቸው ነጭ ነው፤ ጣሪያቸው እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ላይ የሾለ፣ ነገር ግን ከሥር እስከ ጫፍ ግራጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነባበረበት። እኔ ሲያምር አልኩ። እሳቸው የመጀመሪያውን ቤት ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱና "ይኼ በኖራ ተለቅልቋል። ከሥሩ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?" አሉ።

በማግስቱ ስነቃ አልጋቸው ባዶ ነው። ሮጬ ወጣሁ። መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ጣሊያንኛ አልችልም፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ የአማቴን ባርኔጣና ከዘራ በእጄ ምልክት እየሠራሁ ጠየቅሁ። ለባለቤቴ ምን ብዬ ኮል አደርጋለሁ እያልኩ ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ አንዲት ዳቦ ሻጭ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ዳገቱን ውጣ ያለችኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጣሪያውን ነው የምታሳየኝ።

የሰባ አራት ዓመቱ አማቴ ኮታቸውን አውልቀው፣ አንድ ቤት ጣሪያ ጎን በተተከለ የእንጨት መወጣጫ ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው ጣሪያ የሚጠግን ሰውዬ አለ፤ ሁለቱም በጣሊያንኛ ይጯጯሃሉ።

"አባባ! ኧረ ይውረዱ!"

"አንተ ና ውጣ!"

መወጣጫውን በሁለት እጄ ጨብጬ ወጣሁ። የጣሪያው አንድ ጎን ተከፍቷል። እያንዳንዱ የድንጋይ ዙር ከበታቹ ካለው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ ይገናኛል።

"እጅህን በድንጋዮቹ መሐል አግባ" አሉኝ። አስገባሁ።

"ምን አገኘህ?"

"አቧራ።"

"አቧራ ብቻ!" አሉ። የራሳቸውንም እጅ አስገቡ።

የቤቱ ባለቤት፣ በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሴትዮ፣ ወንበር አወጡልንና በር ላይ ተቀመጥን። አማቴ የቀድሞ አለቃቸውን የቤተሰብ ስም ጠሩላቸው። ሴትዮዋ ሳቁ፤ አማቴ እንደተረጎሙልኝ የከተማው እኩሌታ በዚያ ስም ነው አሉ የሚጠራው። ያኔ አማቴ ባርኔጣቸውን አወለቁና ዝግ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሏቸው?" አልኩ በኋላ።

"ሰውዬው ካገራችሁ ነው፤ አልዋሸም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳት።"

"እሳቸውስ?"

"ወንድ ሁሉ ስለ እናቱ ቤት ያጋንናል፣ ባታምነው አይፈረድብህም አለችኝ።" ብለው ሳቁ። እስከዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

የቀሩትን ሦስት ቀናት ሌላ ነገር አልጎበኘንም። ጠዋት ጠዋት እዚያው ቤት እንሄዳለን፤ እኔ ድንጋይ አቀብላለሁ፣ እሳቸው እያገላበጡ የትኛው ጎን ወደ ውጭ እንደሚሆን ያሳዩኛል፤ መሐል መሐል ላይም በካሜራቸው ፎቶ ያነሳሉ። አንድ ቀን ስናርፍ፣ እኔ ፋብሪካ ውስጥ የምበይደው ዕቃ ከጤፍ ፍሬ ብዙም እንደማይበልጥ፣ በማይክሮስኮፕ እያየሁ እንደምሠራ ነገርኳቸው። ጣቶቼን ይዘው አዩ።

"ይኼን ሁሉ ዓመት ስጠይቅህ ደህና ነው ብቻ የምትለኝ ለምንድን ነው?"

"የሚሰለችዎት መስሎኝ ነዋ።"

"እኔ የሚሰለቸኝ ደህና ነው የሚለው ነው" አሉ።

ሳን ሆዜ ስንመለስ ባለቤቴ ፊልሙን አሳጠበችና ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። ሁሉንም ያነሱት አባቷ ናቸው፤ ማዕዘን፣ መግቢያ በር፣ የጣሪያ ጫፍ፣ ደግሞ ድንጋይ፣ ደግሞ ድንጋይ።

"አንድ ሰው እንኳ የለበትም እንዴ?" አለች። ከዚያ አንዷን አነሳች። "ይኼ የማን እጅ ነው?"

"የእኔ። የድንጋዩ መጠን እንዲታወቅ አጠገቡ አድርግ ብለውኝ ነው።"

ፎቶዋን አገላብጣ አየችና ፍሪጁ ላይ ለጠፈቻት።