ሙሴን ለማውረድ የመጡ ሽማግሌዎች

ሐብተማርያም ፈረንሳይ አገር ሦስት ዓመት ኖሯል። አሰልጣኝ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ የአንድ ትንሽ ክለብ ሜዳ ሣር አጫጅ ነበር። ሣሩን እያጨደ ታዲያ የክለቡን አሰልጣኝ፣ ሽበታሙን ዱቫልን፣ አነጋገሩን፣ አቋቋሙን፣ የአንገት ሻርፑን ሳይቀር ልቅም አድርጎ አጠና። ሚኒሶታ ሲገባ እንጀራው ብሉሚንግተን ከተማ የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት የሚያመላልስ ሻትል ድራይቭ ማድረግ ሆነ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሰልጣኝ ነው። አበሻውም እንደ ድሮ አዲስ አበባ ፈረንሳዮች "ሙሴ" አለው።

ምን አለፋችሁ፣ በዘጠኝ ዓመት አምስት ቡድን ይዞ ከአምስቱም ተባረረ። አፕል ቫሊ አምስት ወር ቆየ። ሴንት ፖልማ አንድ ጨዋታ፣ ያውም እስከ ዕረፍት። የመጨረሻው ፍሪድሊ ነበር። እሱ እቴ፣ ቅንጣት አያፍርም! "ዱቫል አሥራ አንድ ጊዜ ተባሯል! ያልተባረረ አሰልጣኝ ምኑን አሰልጣኝ ሆነ?" ይላል።

ስድስተኛው ቡድኑ ብሉ ላይን ነው። ተጫዋቾቹ ኤርፖርት የሚሠሩ፣ አርባን የተሻገሩ፣ ቦርጫቸው ከኳሱ ቀድሞ ጎል የሚደርስ አባወራዎች ናቸው። እነዚህን ነው እንግዲህ "ከኋላ መሥርተን በአጭር ቅብብል እንወጣለን" ያላቸው። ስምንት ጊዜ ገጥመው ሰባቱን ተሸነፉ። ስምንተኛውን ተጋጣሚያቸው ስላልመጣ አሸነፉ፤ ሙሴም በዚያ በሐምሌ ቃጠሎ በሻርፑ ቆሞ "አሁን ታክቲኩ ገባችሁ?" አላቸው።

መረራቸው። ግን ማን ደፍሮ "በቃህ" ይበለው? ግማሾቹን አሜሪካ የገቡ ዕለት ከኤርፖርት በሻትሉ ያመጣቸው እሱ ነው። ስለዚህ እንደ አገራቸው ወግ ሽማግሌ ላኩበት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ሳሎኑ መሀል ቀጥ አሉ።

"አረፍ በሉ እንጂ አባቶቼ!" አለ ሙሴ።

"የመጣንበት ጉዳይ ካልተፈጸመልን አንቀመጥም" አሉ አፈ ጉባኤው አቶ ቂርቆስ። "ሐብቴ ልጃችን፣ ብሉ ላይንን ለሙሊሳ ልቀቅለት።" ሙሊሳ ተከላካያቸው ነው።

የሙሴ ፊት ዳመነ። ከዚህ በፊት ያባረሩት ሁሉ በቴክስት ነበር፤ ቴክስት ደግሞ ዝም ሊሉት ይቻላል። ቆሞ የሚለምን ሽማግሌን እምቢ ማለት ግን ነውር ነው። እሺ እንዳይል ደግሞ በዚህ ከተማ ያልያዘው፣ ያላባረረው ቡድን አልቀረም። ብሉ ላይን ከሄደ አሰልጣኝነቱም አብሮ ሄደ፤ ከእንግዲህ ባለሻትል ብቻ ነው።

ሲጨንቀው ዱቫል ትዝ አለው። ዱቫል አንድ ለባዶ ሲመራ ጊዜ ይገድል ነበር። ሙሴም ጉሮሮውን ጠራርጎ "መልካም አባቶቼ፤ ግን አስቀድሜ የዱቫልን ታሪክ ላጫውታችሁ" ብሎ ከመጀመሪያው ክለብ ተነሣ። ማን እንደቀጠረው፣ ማን እንዳባረረው፣ የዚያን ዕለት ዝናብ ይዘንብ እንደነበር ሳይቀር! ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። አራተኛው ክለብ ላይ፣ ዓምና ጉልበታቸውን ሰርጀሪ ያደረጉት ጋሽ ዋቁማ ግድግዳውን ያዙ። ሰባተኛው ላይ ላብ አጠመቃቸው። ዱቫል ገና አራት ክለብ ይቀረዋል።

ሚስቱ ብዙነሽ ከኩሽና በር ላይ ሆና ታያለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ይሄን ኳስ እሳት ይብላው!" ስትል የኖረች ናት፤ ሽማግሌዎቹም እሷን ተማምነው ነበር።

"አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?" አሉ አቶ ቂርቆስ፣ አላስችል ሲላቸው።

ብዙነሽ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር አንሥታ በጋሽ ዋቁማ ኋላ አደረገችና በወንበሩ ጠርዝ ጉልበታቸውን ከጀርባ ነካ አደረገቻቸው። ጋሽ ዋቁማ ዘጭ!

"እፎይ... ተመስገን" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው።

"ይኸው ተቀመጡ!" ብሎ ዘለለ ሙሴ። "ተቀመጡ እኮ! በቃ፣ አለቀ!"

አቶ ቂርቆስ ጋሽ ዋቁማን በዓይናቸው ሊበሏቸው ደረሱ። ግን ምን ይደረግ፣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም ከተቀመጠ ልመናው ወደቀ ማለት ነው። ምሳ ቀረበ፣ ተበላ። ለተጫዋቾቹ ምን እንደሚሏቸው እየተነታረኩ ወጡ።

"አየሽልኝ?" አለ ሙሴ እጁን እያፋተገ። "ጊዜ መግደል ማለት ይሄ ነው! ዱቫል ራሱ ቢሆን ከዚህ አያልፍም!"

"ሂድ ወዲያ!" አለችው ሳህን እያነሣች።

ፍሪድሊዎች ያባረሩት ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሻርፑን አድርጎ ጋራዥ ውስጥ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። በሩን ከፍታ ስታየው "መኪናውን እያየሁ ነው" ይላታል። መኪናው ውጭ ነው የቆመው። ያኔ አንጀቷን በልቷታል፤ ዳግመኛ እንዲያ ልታየው አትፈልግም። ይህን ግን ነግራው አታውቅም።

"የቅዳሜው ጨዋታ ስንት ሰዓት ነው?" አለችው።

"አራት ሰዓት።"

"ሻርፑን አጥቤዋለሁ። ማድረቂያው ውስጥ ነው።"