ፊደል የዋጠችው ላቀች

ላቀች ልጅ አልነበራትም፤ እኛ ግን ሁላችንም የእሷ ነበርን። ይህን ስል እናቶቻችንን መናቄ አይደለም። እናቶቻችን በዚያ ዘመን ማሳ ላይ ነበሩ። አባቶቻችን ከፊሎቹ ዱር ገብተው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ለሚሠራው ምሽግ ድንጋይ እያጋዙ፣ እርሻውም አረሙም የሴት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ገና በቅጡ መሮጥ ያልቻለ ልጅ ሁሉ ጧት ከጋፋት መንደር በታች ባለው የላቀች ግቢ ይጣላል፤ ማታ ይለቀማል።

እቴቴ እንላት ነበር። አንቱ አንላትም፤ እናቱን አንቱ የሚል ማን አለ?

ግቢዋን ያየ እንግዳ ትምህርት ቤት ነው ብሎ አይገምትም። ሰፌድ ላይ አመድ ነስንሳ በጣቷ ፊደል ትጽፋለች፤ እፍ ብላ ታጠፋዋለች። ሰባት ልጅ ታሰልፍና እያንዳንዱን ፊደል ታደርገዋለች። እኔ ብዙ ጊዜ «ቤ» ነበርሁ። ከዚያ አንድ ሌላ ልጅ ዐይኑን ይጨፍንና «ኩኩሉ» ይላል፤ እኛ «አልነጋም» እንላለን፤ ከሰባታችን አንዱ ሮጦ ጎተራ ሥር ይደበቃል። «ነጋ» ሲባል ጨፋኙ ዐይኑን ይገልጥና የጎደለውን ፊደል በስሙ ይጠራል። ካወቀ የተደበቀው ወጥቶ ያዝለዋል። የጣሊያን አውሮፕላን ባለፈ ቀን ግን ፊደል በሙሉ ጎተራ ሥር ይገባና ጠሪውም ተጠሪውም አንድ ላይ ይንቀጠቀጣል። ላቀችም ከላያችን ተደፍታ በጆሯችን «አልነጋም፣ አልነጋም» ትለን ነበር።

ከሁሉ የምንወደው መዋጡን ነበር። ላቀች እንደ ትልቅ መምህር ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ» ትላለች። ባን ዘለለቻት።

«ዋጥሻት!» እንላለን ሁላችንም።

ትደነግጣለች። ሆዷን ትይዛለች፣ ትስላለች፣ ዐይኗ እንባ ያቀራል፤ በመጨረሻ መዳፏ ላይ ስትተፋት «ባ!» እያልን እንቀበላታለን። እሷ ውጣ የተፋችውን ፊደል እስከ ዛሬ የረሳ ሰው ከመካከላችን የለም።

ጨዋታው ከባሏ የመጣ ነው። የኔታ ሞላ በአገሩ የታወቁ የፊደል መምህር ነበሩ፤ በአለንጋቸው ደግሞ ይበልጥ የታወቁ። ዐይናቸው እየደከመ ሲሄድ ከገበታው ላይ ፊደል እየዘለሉ ማንበብ ጀመሩ። አንድ ቀን ፊደል አልገባት ብሎ ስትገረፍ የኖረች አንዲት ትንሽ ልጅ «የኔታ፣ ዋጧት» ብላ አረፈችው። ሁሉም አለንጋው ሲነሳ ጠበቀ። የኔታ ግን ሳቁ። ላቀች ከጓዳ በር ሆና አየቻቸው፤ ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም። ልጂቱም ከዚያ ቀን ወዲያ ገበታውን ተሻገረችው። የኔታ ኋላ ኋላ አንዳንዱን ፊደል እያዩትም ይዘሉት ነበር ትላለች ላቀች።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት የኔታ ለአርበኞች መልእክት ያደርሳሉ ተብለው ወደ ምሽጉ ተወሰዱ። አልተመለሱም፤ ሞቱም አልተባለ። ላቀች አርባቸውን ላውጣ ብትል የሚቆጠርበት ቀን የለም፤ ጥቁር ልልበስ ብትል «ይመጡ ይሆናል፣ አታሟርቺባቸው» የሚል ጎረቤት አለ። ሐዘንተኛ ሳትሆን ባሏን ያጣች ሴት ሆና ተቀመጠች። ማታ ልጆቹ ተለቅመው ሲሄዱ ግቢው ምን ይመስል እንደነበር ትልቅ ሰው ሆኜ ጠይቄያት ነበር። «ዱካችሁ አመዱ ላይ ታትሞ ይቀር ነበር» አለችኝ። «እሱን ሳልጠርግ አድራለሁ። ሰው ያለ ይመስለኛል።»

ጥምቀት ባለፈ በጥቂት ቀን የደብራችን ቄሰ ገበዝ መርሻ ለታመመ ሰው ጸበል አድርሰው ሲመለሱ በአጥሯ ጥግ አለፉ። «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ» የሚል የላቀችን ድምፅ ሰሙና ቆሙ። ደግማ ዋጠቻት። ቄሰ ገበዝ ክፉ ሰው አልነበሩም። አንዲት ቃል በሳቱ ቁጥር ከመጀመሪያው እያስጀመሯቸው ያደጉ ሰው ነበሩ እንጂ። እንዲህ ያደገ ጆሮ ስሕተት ሲሰማ ጨዋታ ይሆን ብሎ አይጠይቅም። በሩን ገፍተው ገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ፊደሉን አጠፋሽው እኮ!»

«ለጨዋታ ነው፣ አባ። እንዲይዙኝ ብየ ነው የምስተው።»

«በፊደል አይቀለድም። ዛሬ ተሳስቶ የሰማ ነገ መቅደስ ገብቶ ተሳስቶ ያነባል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ አንቺ ከልጆቹ ብሰሽ አረፍሽው።»

«የኔታም እንዲህ ያደርጉ ነበር» የሚለው ቃል ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። አላወጣችውም። መቃብር የሌላቸው ሰው ስማቸው እንኳ ሳይነካ ይቅር ብላ ዋጠችው። ቄሰ ገበዝም ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዲውሉ፣ ቅኔ ቤቱ በጦርነቱ የተበተነበት ዲያቆን ወልደጊዮርጊስ እንዲያስተምራቸው አዘው ሄዱ።

ዲያቆኑ ረጅም፣ ዐይነ አፋር ወጣት ነው። ከጥዱ ሥር ሰብስቦን ከሀ እስከ ፐ አንዲት ሳይስት አወረደልን። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም፤ እኛ እንኳን ፊደል ስማችንንም አልነገርነውም። ሳምንት ሳይሞላ ላቀች ደጅ መጥቶ ቆመ።

«እቴቴ፣ ልጆቹ እኔን ሲያዩ አፋቸው ይታሰራል። እዚህ ሲጮሁ ግን ደብሩ ድረስ ይሰማ ነበር። ሙያውን ያስተምሩኝ።»

«ምን ሙያ አለኝ? መጫወት ነው።»

«እንግዲያ መጫወቱን ያስተምሩኝ። አልደብቅዎትም፤ እስከ ሆሳዕና ካልለመዱኝ አንበሳሜ አገር ወዳሉት መምህሬ እሄዳለሁ። ቄሰ ገበዝም ሌላ ሰው የላቸውም፤ ልጆቹ ተመልሰው የአንቱ ናቸው።»

ይኸው ነው። ላቀች ልጆቿን ለማግኘት ምንም ማድረግ አልነበረባትም፤ ምንም አለማድረግ ብቻ ይበቃት ነበር። ነገር ግን ደጇ ቆሞ የሚለምናትን ሰው መመለስ አልሆነላትም። ደግሞ እሱም ዘመድ የሌለው ብቸኛ መሆኑን አየች። ሰፌዱን አወጣች። አመድ መነስነሱን፣ ሰባቱን ማሰለፉን፣ ኩኩሉን አሳየችው። መዋጡን ግን ለራሷ አስቀረች።

ዲያቆኑ የተማረውን ይዞ መጣ። ተሰለፍን፤ የቆምነው ግን ለቅሶ ቤት እንደቆመ ሰው ነበር። «ኩኩሉ» ሲል ከመካከላችን «አልነጋም» የሚል ጠፋ። በመጨረሻ እሱም ሰው ነውና ተስፋ ቆረጠ። የሚያውቀውን አንድ መንገድ፣ እሱ ራሱ የተማረበትን፣ አለንጋውን አነሳ።

አንድ ማታ ውዴ የምትባል ጎረቤት ልጇን ማሩን ይዛ በላቀች ደጅ ስታልፍ፣ ላቀች እንደ ልማዷ ትከሻውን ዳበስ አደረገችው። ማሩ ጮኸ። ሸማውን ገልጣ ሰንበሩን አየች። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማት ስትነግረኝ አላሳመረችውም። «መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ዲያቆኑ ሊሄድልኝ ነው ብየ። ቀጥሎ ራሴን ጠላሁት» አለችኝ።

በማግስቱ ዲያቆኑን አስጠራችው።

«አንድ ነገር ሰስቸብህ ነበር። ከገበታው ላይ ፊደል መዋጥ አለብህ። ስትውጣት ልጆቹ ይያዙህ።»

«መሳት? እኔ?»

«አንተ።»

ሞከረ። «በ፣ ቡ፣ ቢ፣» አለና ላቡ መጣ፤ «ባ» አለ። ደገመ። አሁንም ባ። ምላሱ አልታዘዝ አለው። ላቀች አልሳቀችም። ለማንም ያልነገረችውን፣ ለቄሰ ገበዝም የሸሸገችውን የየኔታን ሳቅ ለእሱ ነገረችው። ስለ ዐይናቸው፣ ስለ ትንሿ ልጅ፣ አለንጋው ሳይነሳ ስለቀረበት ቀን። ከባሏ የቀራት ይህ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሰጠችው። ዲያቆኑ «እሽ፣ እቴቴ» ብሎ ሄደ።

ሆሳዕና ሊደርስ ሳምንት ቀረ። ላቀች እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ስትወርድ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር መቆም ልማድ አድርጋ ነበር። የዚያን ዓርብም ቆመች። ስለዚያች ሰዓት ስትነግረኝ ፈገግ አለች። «ዲያቆኑ ፊደል እንዳይስት ወደ ታቦቱ ዞሬ ለመንሁ። እንዲህ ያለውን ጸሎት ቄሰ ገበዝ ራሳቸው ይቃወሙታል? አንዲት ሳይስት ቢወጣው እናንተ የእኔ ናችሁ።»

ከጥዱ ሥር ተቀምጠናል። አለንጋው ግንዱን ተደግፏል። ዲያቆኑ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በ፣ ቡ፣ ቢ፣» አለ። ቆየ። «ቤ።»

ሁላችንም ሰማን። ቃሉ ከሁላችንም አፍ ደረሰ። አለንጋውን አየንና እግራችንን ማየት ጀመርን። የዲያቆኑ ጆሮ ቀላ። ድምፁ ቀጥኖ ደገመ፤ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ።» ማሩ ትከሻውን ይዞ አጎንብሷል። ዲያቆኑ ኋላ እንደነገረኝ ሌላ ጊዜ ሊደግም አላሰበም፤ ዐይኑ ወደ አለንጋው ዞሮ፣ ልቡ አንበሳሜ መንገድ ላይ ነበር።

«ዋጧት!» አለ አንድ ድምፅ።

ከየት እንደመጣ አላወቅንም፤ ጎናችን ያለው ልጅ መስሎን ሁላችንም ተከተልነው። «ዋጧት! ዋጧት!» ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው ማሩ ነበር። ዲያቆኑ ሆዱን ያዘ። ሳለ። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ሳይለይ መዳፉ ላይ ተፋት፤ «ባ!» ብለን እላዩ ላይ ተከመርንበት። መጀመሪያ የጮኸው እኔ ነኝ እየተባባልን እስከ ሽምግልናችን ተከራክረናል።

ዲያቆኑ ግን ቁመቱ ከአጥሩ በላይ ነበር። እኛ ላዩ ላይ ስንንጠላጠል፣ ባዶ እንስራ ያዘለች ሴት ምንጩን ትታ ወደ ቤቷ ስትመለስ አየ። ሊጠራት ፈለገ፤ እኛ ደግሞ «ድገሙት! ድገሙት!» እያልን አፉን አስያዝነው።

ላቀች ያን ቀን ቤቷ እንደደረሰች እንስራውን አወረደች፤ መጥረጊያ አነሳችና ዱካችን ታትሞ የቀረበትን ግቢዋን ጠረገች።