ሬዲዮ ዝም ያለችበት እሑድ

በየማለዳው ሞተር ከማስነሳቷ በፊት መዳፏን አፏ ላይ ደፍታ ትተነፍስና ታሸታለች። ከዚያ ስፖኪዮውን ታስተካክላለች፣ ቀበቶዋን ታስራለች። የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ቀኑን ሙሉ በአንዲት ትንሽ መኪና ውስጥ ከሚፈሩ ሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠግታ ትውላለች፤ የፈራ ሰው ደግሞ በአፉም በአፍንጫውም ነው የሚተነፍሰው። ስለዚህ ለራሷ አንድ ሕግ አውጥታለች፤ ትምህርት ባለበት ቀን ዋዜማ ነጭ ሽንኩርት አትቀምስም።

ተማሪዎቿ ፍሬን ይሏታል። በእሷ በኩል ካለው ሁለተኛ ፍሬን ላይ እግሯ ተነሥቶ አያውቅምና ነው። ስሙን ሰምታዋለች፤ አልተቀየመችም።

እሑድ ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለሆነ ሕጉ ቅዳሜ ከሰዓት ይላላል። የዚያን ዕለት ቤቷ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ውሃ ትጥዳለች። የምትሠራው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ኑድል በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ፣ ጠብታ ሶያ ሶስና ቁንጥር ስኳር ታክሎበት። ሳምንቱን ሙሉ የታገሠ ምላስ ነውና የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትውጥ ያለ ምክንያት ትስቃለች።

አብራት የምትኖረው እናቷ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወሬ ስታገናኝ ኖራ የራሷን ለጡረታ አጠራቅማዋለች። ሰፈሩ ሬዲዮ ይላታል፤ ያውም መዝጊያው የተሰበረ። ሬዲዮ ሟች ባሏ ትቶላት የሄደውን፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመውን መኪና መንዳት ትፈልጋለች። ታናሽ እህቷ ይህን ስትሰማ፣ «አንቺ መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ እኔ ከኋላ ወንበር አፌን ለጉሜ እሄዳለሁ!» ብላ ስቃባታለች። የፍሬን አክስትም ከዚያው ወሬኛ ቤት የወጣች ናትና ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

የሬዲዮ እጅና እግር መንዳት ያውቃሉ። ችግሩ አፏ ነው። የመንጃ ፈቃዱ ፈታኝ ደግሞ የባሰበት ወሬኛ ነው። በመጀመሪያው ፈተና ጉልበቱን እንደሚያመው ነገራት፤ የቅባቱን ዓይነት ስትነግረው ቀይ መብራት ጥሳ አለፈች። ሌላ ጊዜ ስለ ልጁ ጠየቀችው፤ መልሱን ዞር ብላ ስታዳምጥ የፊት ጎማው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣ። ሁለቱም ጊዜ ተቃቅፈው ተለያዩ፤ ሁለቱም ጊዜ ወደቀች። አሁን አንድ ዕድል ነው የቀራት። ከወደቀች የጽሑፍ ፈተናዋ ጊዜው ያልፍበትና ሁሉንም ከሀ ልትጀምር ነው። «ከሀ አልጀምርም፤ መኪናው ይሸጥ» ብላለች። ይህን ስትል ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ከዚያም ብዙ አላወራችም። ፍሬንን ያስጨነቃት ይኸው ነው።

የመጨረሻው ፈተና ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ግን ሌሊቱን የጣለው ዝናብ የፈተናውን ሜዳ ኩሬ አደረገውና፣ «እንደውላለን» ተብለው ተመለሱ። እናትና ልጅ ለሚቀጥለው ሳምንት የተላለፈ መስሏቸው ኩሽና ገቡ።

«ነጭ ሽንኩርቱን አራት ፍሬ ብቻ ላጪልኝ፣ እማዬ።»

«እሺ። እና ያቺ ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?»

«ምን አለችሽ?»

«አንድ ሰውዬ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ መጣባት። ለካችው፣ ፈታችው፣ መልሳ ሰፋችው፤ አሁንም ጠበበው። ጮኸባት፣ ጮኸችበት። ለካስ የወንድሙን ሱሪ ለብሶ ኖሯል!»

ፍሬን ስቃ ዞር ስትል ሳህኑ ሞልቷል። እናቷ ስታወራ እጇ አያርፍም፤ አንዱን ራስ ጨርሳ ሁለተኛውን አጋምሳዋለች።

«እማዬ! አራት አልኩሽ እኮ!»

ሬዲዮ ሳህኑን አየችው። «ምነው፣ እነዚህ ወለዱ እንዴ?»

የተላጠ አይመለስም። ፍሬን በቢላዋ ጠፍጣፋ ጎን እየጨፈለቀች ከተፈችው፣ ቅቤና ዘይቱ ገና ሳይግል ውስጡ ጨመረችው፣ እሳቱን ዝቅ አደረገች። ነጭ ሽንኩርት የሚያጠፋው ጥድፊያ ነው፤ ጠርዙ የገለባ መልክ ሲይዝ ይበቃዋል፣ ከዚያ ካለፈ ይመራል። የኑድሉን ውሃ ከመድፋቷ በፊት አንድ ጭልፋ አስቀረች፤ ኑድሉን መጥበሻው ውስጥ ገልብጣ ያን ውሃ ስታፈስበት ቅቤው ወፍሮ በያንዳንዱ ክር ላይ ተጣበቀ። ከመጥበሻው ዳር ቆመው ቀመሱ። ከዚያ ተቀምጠው በሉ። ከዚያ ደገሙ።

«አሁን በትንፋሼ ብቻ ጎረቤቱን ሁሉ ማባረር እችላለሁ» አለች ሬዲዮ ሹካዋን እየላሰች።

«በወሬሽም ችለሽዋል።»

«አንቺ ባለጌ!»

እየተሳሳቁ ሳለ ስልክ ጮኸ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበረች። ሜዳው ደርቋል፤ እሑድም ቢሆን ፈተናው ነገ ጠዋት ነው።

ፍሬን ስልኩን አስቀመጠችና ባዶውን መጥበሻ አየች። ፈታኙን ታውቀዋለች፤ ሲጋራ የሚሸት መኪና ውስጥ አልገባም ብሎ ተፈታኝ የመለሰ ሰው ነው። ሁለቱም ጥርሳቸውን ፋቁ። ወተት ጠጡ፣ ሎሚ መጠጡ፣ ፖም ገመጡ፣ ቅርንፉድ አኘኩ። ጠዋት ፍሬን እንደ ልማዷ መዳፏ ላይ ተነፈሰችና አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች።

«ስሚኝ እማዬ። ዛሬ አፍሽ አይከፈትም።»

«ሰላምታስ?»

«ራስሽን ነቅንቂ።»

«ደህና አደሩ ካለኝስ?»

«ነቅንቂ።»

«ቢያስነጥሰውስ? ይማርህ አልልም?»

«እማዬ!»

«እሺ፣ እሺ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።» ከንፈሯን ገጠመች። ፍሬን እናቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም፤ ፎቶ ልትነሣ የተዘጋጀች ትመስል ነበር።

ፈተናው ሜዳ ዳር ሬዲዮ የማስተማሪያዋን መኪና መሪ ይዛ ተቀመጠች፤ ፍሬን ከኋላ። ፈታኙ በግራ እግሩ እያነከሰ መጣና የፊቱን በር ከፈተ።

«እናቴ! እንደምን ሰነበቱ? ያ የነገሩኝ ቅባት እኮ ጉልበቴን...»

ቆመ። አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። ሬዲዮን አያት፤ ከንፈሯን እንደገጠመች ራሷን ነቀነቀች። ወደ ኋላ ዞሮ ፍሬንን አያት፤ እሷም ከንፈሯን ገጥማ ነቀነቀች። ፈታኙ ወደ ውጭ ተመልክቶ ረጅም አየር ሳበ፣ ገባ፣ መስኮቱን እስከ ታች አወረደ፣ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ አደረገ። ከዚያ በጣቱ ወደ ፊት አመለከተ።

መኪናዋ ያለ አንዳች መንገጫገጭ ተነሣች። ጣቱ ወደ ቀኝ ሲያመለክት ሬዲዮ ፍሬቻ አብርታ ስፖኪዮዋን አይታ ታጠፈች። ጣቱ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ። አደባባዩ ላይ ቅድሚያ ሰጠች፣ ዜብራው ላይ ለአንዲት ዣንጥላ ለያዘች ሴት ቆመች፣ በሁለት መኪኖች መካከል በኋላ ማርሽ ገብታ ቆመች። የሚያናግራት ሰው የለም፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ብቻ ነው። ፍሬን ከኋላ ሆና ፍሬን የሌለበትን ወለል በቀኝ እግሯ ስትረግጥ ቆይታ፣ ከአደባባዩ በኋላ መርገጧን ማቆሟን አስተዋለች። በስፖኪዮው የእናቷን ዓይን አየች። የሬዲዮ ትከሻ በታፈነ ሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍሬን ጉንጯን ከውስጥ ነከሰች።

ዳገቱ ላይ ጉድ ሊፈላ ደረሰ። ነፋስ ገባና ፈታኙ ተዘናግቶ መሐረቡን ዝቅ አደረገ።

«ልጄ እኮ ትናንት ወንድ ልጅ ተገላገለች።»

የሬዲዮ ጆሮ ቀላ። አንገቷ አበጠ። ክብደቱ፣ ስሙ፣ ማንን እንደሚመስል፣ የእናቱ ጤንነት፣ ጥያቄው ሁሉ ከጥርሷ ኋላ ተሰልፎ ሲገፋት ፍሬን ከኋላ ይታያት ነበር። ሬዲዮ ነቀነቀች። ማርሽ ቀይራ ዳገቱን ወጣች። ፈታኙ አየር ለመሳብ ሞከረና መሐረቡን መልሶ ሰቀለ።

ሜዳው ዳር ሲደርሱ ሬዲዮ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ሞተሩን አጠፋች። ፈታኙ ከመኪናው ዘሎ ወረደና ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀበለው። የነጥብ ወረቀቱን አየ፤ ምንም የስሕተት ምልክት የለበትም። ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ እዚያም የለም።

«አልፈዋል፣ እናቴ።»

«ተመስገን!» ብላ ጮኸች ሬዲዮ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ። ከትናንት ጀምሮ የታመቀው ሽታ ሁሉ በዚያች ቃል ወጣ። ፈታኙ ወደ ኋላ ሸሸና ከዝናቡ የተረፈች ኩሬ ውስጥ እስከ ካልሲው ገባ። እዚያው ቆሞ ሳቁን ለቀቀው። ፍሬን ከኋላ ወንበር ላይ ሆዷን ይዛ ተጋደመች።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የበላችሁት?» አለ ፈታኙ።

«ኑድል!»

«ኑድል እንዲህ አያደርግም።»

«በነጭ ሽንኩርት ነው» አለች ሬዲዮ። «አራት ፍሬ።»

ከዚያ ወርዳ፣ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ጠየቀችው። ቀጣዩ ተፈታኝ በሌላው መኪና ውስጥ ብዙ ጠበቀ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሸራው ይገለጣል፣ የአባት መኪና ከግቢው ይወጣል። አክስት ከኋላ ወንበር አፏን ለጉማ ትቀመጣለች። ፍሬን በዚያ ሰዓት ሌላ ተማሪ ስላላት አብራቸው አትሄድም፤ ያ መኪና ሁለተኛ ፍሬን አያስፈልገውም።