የዳንፎርዝ ልብስ ሰፊዎችና የእኔ ጥናት

በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በገዛ እግሬ ዞሬ ያጠናሁት ሥራ ሃያ ሰው በተቀመጠበት ክፍል «ፈጠራ ነው» ተብሎብኛል። ይህ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ በደልን ለማወቅ ግን ዲግሪ አያስፈልግም።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ሊዲያ ናት። ባለፈው እሑድ ከቸርች መልስ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ዘርግታ ለኮሌጅ የቢዝነስ ፕላን ትሠራ ነበር።

«ኮምፒቲተሮቼን ሪሰርች አድርጌ ጨረስኩ፣ እማዬ» አለችኝ።

ምስር ወጤን እያማሰልኩ «የት ሄደሽ?» አልኳት።

«የትም። ኦንላይን ነው።»

«አናገርሻቸው?»

«ኖ! ለምን አናግራቸዋለሁ?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። እሳቱን ቀነስኩና አጠገቧ ተቀምጬ የወጣትነቴን ታሪክ ነገርኳት።

ያኔ ከአገር ቤት ከመጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም፤ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ከአልማዝ ጋር አንድ ቤት ተጋርተን እንኖር ነበር። አልማዝ በቸርች የተዋወቅኋት፣ እንግሊዝኛዋ ከእኔ የሚሻል፣ ምላሷም ከእኔ የሚፈጥን ልጅ ነበረች። እኔ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኪስ እሰፋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ። ሙሉ ልብስ ቆርጦ መስፋት የሚችል ሰው ኪስ ሲሰፋ ሲውል እጁ ራሱ ይታክታል። ስለዚህ ለአዲስ ገቢ ስደተኞች በሚሰጥ የንግድ ሥራ የቅዳሜ ኮርስ ተመዘገብኩ። መጨረሻ ላይ ጥሩ ፕላን ላቀረበ ሰው ዳንፎርዝ በሚባለው የገበያ መንገድ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ለስድስት ወር ያለ ኪራይ ትሰጠዋለች። ሱቋን በመስኮቷ በኩል አይቻታለሁ። የስፌት መኪናዬን የት እንደማስቀምጥ እንኳ ወስኜ ነበር።

አስተማሪያችን ዳግ የሚባል ረጅም ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ችኩል ነበር። «ተፎካካሪዎቻችሁን አጥኑ» አለን። «ደንበኛ መስላችሁ ግቡ። ማን እንደሆናችሁ አትናገሩ።»

ይህ ነገር አልዋጥልኝ አለ። የሰው ቤት ዋሽቶ መግባት ምን ይባላል? ያውም በባዶ እጅ! ማታ ዳቦ ቆሎ ልቆርጥ ሊጥ ሳቦካ አልማዝ መጣች።

«ለማን ነው?»

«ለልብስ ሰፊዎቹ።»

«ገበያቸውን ልትነጥቂያቸው ነው ዳቦ ቆሎ የምታበያቸው? አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ?»

«ጎረቤታቸው ልሆን ነዋ። ሰላም ሳይባል ጉርብትና ይጀመራል?»

«እሺ። ከነዳቦ ቆሎሽ ሲያባርሩሽ ታዲያ እኔን ኮል እንዳታደርጊ።»

ኅዳር ነበር። የረገፈው ቅጠል ረጥቦ መንገዱ ላይ ተለጥፏል፤ ከግሪኮቹ ምግብ ቤቶች የሚወጣው የጥብስ ሽታ ሆድ ያባባል። ዳንፎርዝን ከቪክቶሪያ ፓርክ ጫፍ ተነስቼ እስከ ብሮድቪው ጫፍ በእግሬ ሄድኩበት። ስፌት ቤት ባየሁ ቁጥር እገባና በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ስሜ አበበች ነው፤ እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እዚሁ መንገድ ላይ ሱቅ ልከፍት አስቤአለሁ፤ ስለ ሥራው ልጠይቃችሁ መጣሁ» ብዬ ዳቦ ቆሎዬን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣለሁ። ሁለት ባለ ሱቆች በሩን አሳዩኝ። አንዷ ዳቦ ቆሎውን ተቀብላ በሩን አሳየችኝ። ሌሎቹ ግን ወንበር ሰጡኝ።

ከሁሉም የማልረሳቸው ስታቭሮስ የሚባሉትን ግሪካዊ ሽማግሌ ነው። ዳቦ ቆሎዬን እየቆረጠሙ «ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«የሚጠሉትን ሥራ» አልኳቸው። ጥያቄው ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ጣቶቻቸውን ዘረጉልኝ፤ አንጓዎቹ አብጠዋል። «የክረምት ካፖርት ዚፕ መቀየር። ጨርቁ ወፍራም ነው፤ ጣቴን ይገድለኛል። ለመጣው ሁሉ ሁለት ሳምንት ይፈጃል እላለሁ፤ ተስፋ ቆርጦ እንዲሄድልኝ።»

ያናገሩኝን ሌሎቹንም ተመልሼ ስለ ዚፕ ጠየቅኋቸው። አንዱ ሁለት ሳምንት፣ አንዱ ሦስት፣ አንዱ ጭራሽ አልሠራም አለኝ። ወጥቼ የለበስኩትን ካፖርት አየሁት። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። በእኛ ፎቅ ያለው አዲስ ገቢ ሁሉ ያለው አንድ ካፖርት ነው። በዚያ ብርድ ካፖርቱን ለሁለት ሳምንት ትቶ ምን ለብሶ ሥራ ሊሄድ ነው? ፕላኔን አገኘሁት፦ የካፖርት ዚፕ፣ ባለቤቱ ተቀምጦ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ቀይሮ መስጠት።

እኔ እየነገርኳት አልማዝ በእንግሊዝኛ ጻፈችልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳግ ወረቀቴን በክፍሉ ፊት አነሳው። «ሦስት ተማሪዎች እነዚህ ሱቆች ገብተው ጠይቀዋል» አለ። «ዚፕ በሁለት ቀን ይደርሳል ተብለዋል። ደግሞስ የትኛው ባለ ሱቅ ነው ድካሙን ለተፎካካሪው የሚናገር? ይህ ፈጠራ ነው።» ወረቀቴንም ሱቋን ማን እንደሚያገኝ ለሚወስኑት ዳኞች ከሚቀርቡት መካከል አወጣው።

ጆሮዬ ጋለ። ሱቋ ከነመስኮቷ ስትሄድብኝ ታየኝ። ተነሳሁ።

«ጃኬትህን ልበስ» አልኩት።

«ምን?»

«እንሂድና ራሳቸውን ጠይቃቸው። ሳትጠይቅ አትፍረድ።»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ ማስተማሩን ቀጠለ፤ እኔም መቆሜን ቀጠልኩ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ አሁንም እንደቆምኩ አየና ጃኬቱን አነሳ። ሦስቱ ተማሪዎችም ወሬ ሊያዩ ተከተሉን።

ስታቭሮስ ገና ሲያዩኝ «አበበች! ያ ነገር እኮ አለቀብኝ!» አሉ። ዳግ ስለ ዚፑ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ ከኋላችን የቆሙትን ተማሪዎች አዩ።

«እነዚህን አውቃቸዋለሁ። ሦስቱም ተራ በተራ መጥተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ አንዳቸውም የያዙትን ልብስ አላሠሩም። ሊሰልሉኝ እንደመጡ ገባኝ። ዋሹኝ፤ እኔም እንዳልናቅ ሁለት ቀን ብዬ ዋሸኋቸው። እሷ እውነቱን ነገረችኝ፤ እኔም እውነቱን ነገርኳት።» ወደ እኔ ዞሩ። «መቼ ነው የምትከፍችው? ዚፕ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ወደ አንቺ ልላክ።»

ፕላኔ ለዳኞች ቀረበ፤ ሱቋም ተሰጠችኝ። በመጀመሪያው ክረምት ሰዉ «ሽማግሌው ልከውኝ ነው» እያለ ይገባ ነበር። ኪስ ብቻ መስፋት ቀረ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያች ሱቅ ነው።

ስለ ውድድር ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እኔ የማውቀው ግን ሰው ከበሩ ውጪ ቆሞ ለሚሰልለው የሚያሳየው የተቀባ ፊቱን ነው፤ ድካሙን የሚነግረው ፊት ለፊት ለጠየቀው ነው። ይህንኑ ለሊዲያ ነገርኳት። ላፕቶፗን ከደነች።

«አስተማሪውስ?» አለችኝ። «ሶሪ አለሽ?»

«እዚያው ሱቅ ውስጥ በጆሮዬ ሊለኝ ሞክሮ ነበር። በክፍሉ ፊት ነው ያዋረድከኝ፣ በክፍሉ ፊት በለው አልኩት።»

«እና አለው?»

አለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሃያው ሰው በሙሉ ባለበት ተነስቶ፣ ዐይን ዐይኔን እያየ እንዲህ አለ፦

«አበበች አልዋሸችም። ጥናቱ የራሷ ነው። ሳልጠይቅ የፈረድኩት እኔ ነኝ።»