ስድስት ሰዓት፣ ስድስት ዓመት

ለሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎቼ በየዓመቱ መጀመሪያ የምነግራቸው ነገር አንድ ነው። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ጠዋት ስንነሣ ከፍ ይላል፣ ቀኑ ሲገፋ ይወርዳል፣ ወደ መኝታ ስንል ጭራሽ ዝቅ ይላል። የደባርቅ ባጃጅ ነጂም ሆነ የሩቅ አገር ንጉሥ ሰውነቱ በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል። ይህን የረሳ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም ፕሮፌሰርና የገዛ አማካሪዬ ነበር።

ስለ እሱ የምጽፈው ይቅር ስላልኩት አይደለም። ይቅር አላልኩትም። ሰው ፀጉሩ ሲሸብት ልቡ ይለዝባል ሲሉ እሰማለሁ። የእኔ ፀጉር ሸብቷል፣ ቂሜ ግን እንደ ተቋጠረ ነው።

ጥናቱ የእኔ ሐሳብ ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ ወር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የተኛችው። ያጠባችኝም ያሳደገችኝም አክስቴ ናት፤ አፌን የፈታሁትም እሷን "እማ" ብዬ ነው። በሰፈራችን ይህን ነገር ሕመም ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። አድጌና ተምሬ፣ ድባቴ የሚባል በሽታ እንዳለና ከወሊድ በኋላ እናቶችን እንደሚይዝ ሳነብ፣ እናቴን ስቀየማት የኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ቆጨኝ። ስለዚህ ሦስተኛ ዲግሪዬን በአራስ እናቶች ላይ ነው የምሠራው አልኩ። አማካሪዬ ውጭ አገር ሃያ ዓመት ኖሮ የተመለሰ ሰው ነበር። ሐሳቤን ሰምቶ፣ "ጥሩ ነው፤ አብረን እንሠራዋለን" አለኝ።

አብረን አልሠራነውም። የሠራነው እኔና አንዲት የዳባት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች አራስ ቤት ለአራስ ቤት ዞርን፤ ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ሆርሞኑ በምራቅ ስለሚለካ፣ ከእያንዳንዷ እናት ምላስ ሥር ጥጥ አስቀምጠን ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ምራቅ እንወስዳለን። ለዚህ ስንል እዚያው ቀበሌው ውስጥ እናድራለን። አንድ ቤት ስንደርስ አማትየዋ በሩ ላይ ቆመው፣ "የልጄን ሚስት ምራቅ ወስዳችሁ ምን ልታደርጉት ነው? መተት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!" ብለው ከለከሉን። እኔ ጥጡን ከገዛ ምላሴ ሥር ከትቼ፣ የራሴን ምራቅ ብልቃጥ ውስጥ አድርጌ፣ "እማማ፣ መተት ከሆነ በእኔ ይጀምር" አልኳቸው። ስቀው አስገቡን። ብልቃጦቹን ደባርቅ ላይ አንድ የለስላሳ ነጋዴ በፍሪጁ ያስቀምጥልን ነበር፤ "ቢስሚላህ" እያለ በጠርሙሶቹ መሃል ቦታ ይለቅልናል።

አማካሪዬ አንድ ቀን እንኳ ከእኛ ጋር አልወጣም። ጎንደር ቢሮው ቁጭ ብሎ ምራቁ የተወሰደበት ሰዓት የሚጻፍባቸውን ቅጾች ይቀበለኛል። "ኮምፒውተር ላይ የማስገባው ራሴ ነኝ፤ መረጃ በሰው እጅ አይሆንም" ይል ነበር። እኔም እምነት መስሎኝ ደስ ብሎኝ አስረክበው ነበር።

ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ ስሜን ከላይ ፈለግሁ፣ የለም። ከመሃል ፈለግሁ፣ የለም። በመጨረሻው ገጽ ምስጋና በሚለው ሥር አገኘሁት፤ ምራቅ በመሰብሰብ ረድታኛለች ይላል። ደሜ ፈላ። ቢሮው ሄጄ ስጠይቀው ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል፣ "አንቺኮ የሰበሰብሽው ምራቅ ነው፤ ሳይንሱን የሠራሁት እኔ ነኝ" አለኝ። ጽሑፉን ይዤ ወጣሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቢሮዬን ዘግቼ ጽሑፉን እንከን ፍለጋ አነበብኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘሁ። የስሜን ደጋ እናቶች ኮርቲሶል ከዓለም ሁሉ ተለይቶ በሌሊት እንደሚጨምርና እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ግራፍ ነበር። ከሥሩም ምክንያቱን በሁለት ገጽ ተንትኗል፤ ከፍታው፣ ጾሙ፣ ሌሊት ተነሥቶ ማስቀደሱ። ለራሴ አስቀርቼው የነበረውን የቅጾቹን ቅጂ አውጥቼ አስተያየሁ። የዳባቷ ሠራተኛ ሰዓቱን የጻፈችው አገሩ ሁሉ እንደሚጽፈው ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። ጀምበር ከወጣች ሁለት ሰዓት፣ ከጠለቀች አንድ ሰዓት። እሱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር አስገብቶት ጠዋቱን ውድቅት ሌሊት፣ ማታውን ቀትር አድርጎታል። ስድስት ሰዓት ሙሉ! ጅብ በሚዞርበት ሰዓት ማን አራስ ቤት ገብቶ ምራቅ እንደሚሰበስብ አንድ አፍታ እንኳ አላሰበም። አንድ ቀን አብሮን ቢወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ብቻዬን ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ ቅጾቹን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩ። ለማንም አልነገርኩም። ያኔ ብናገር "የጽሑፍ ስህተት ነው" ብሎ አርሞ ያልፈው ነበር። ከፍ ይበል አልኩ። ከፍ ካለ በኋላ ነው የማወርደው።

ከፍም አለ። በየአገሩ እየተጋበዘ ስለ ስሜን እናቶች ልዩ ሰውነት ሲናገር እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር ሻንጣዬን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ አያለሁ። በዓመቱ፣ በጥናቱ ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ በራሪ ወረቀት በየጤና ኬላው ተለጠፈ። ደባርቅ ላይ ግድግዳው ሥር ቆሜ አነበብኩት። አራስ እናት ሌሊት እንቅልፍ ብታጣና ብታለቅስ የአካባቢያችን እናቶች የሆርሞን ጠባይ ስለሆነ በራሱ ጊዜ ይተዋታል፣ ወደ ሆስፒታል መላክ አያስፈልግም ይላል። አንብቤ፣ እሰይ፣ አሁንስ ገደሉ ጫፍ ደርሷል አልኩ። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

ቀኑ ባለፈው ዓመት ደረሰ። ደባርቅ ላይ ለጤና ሠራተኞች ሥልጠና ተዘጋጅቶ እሱ የክብር እንግዳ ሆኖ መጣ። አዳራሹ ሞልቷል፤ አብራኝ የዞረችው የዳባቷ ጓደኛዬም ከፊት ተቀምጣለች። ግራፉን ግድግዳው ላይ አብርቶ ሲጨርስ እጄን አወጣሁ።

"ፕሮፌሰር፣ አንድ ትንሽ ጥያቄ አለኝ" አልኩ በትሕትና። "በዳባት አገር ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲባል ሰው ምን ያደርጋል?"

ፈገግ ብሎ፣ "ምን ማለትሽ ነው?" አለኝ።

"ቁርስ ይበላል!" አለ ከኋላ አንዱ፤ አዳራሹ ሳቀ።

ቅጾቹን ከሻንጣው አውጥቼ ለጓደኛዬ ሰጠኋት። የገዛ እጅ ጽሕፈቷን አንድ በአንድ እያነበበች አሰማች። ሦስተኛዋ ቅጽ ላይ ስትደርስ ሰዉ ገብቶት ማጉረምረም ጀመረ። እሱ ወደ ግራፉ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ፣ መልሶ ወደ ግራፉ ዞረ። "የመስክ ሠራተኞች መመሪያውን ስላልተከተሉ..." ብሎ ሲጀምር ሳቁ አላስጨረሰውም። ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ ትቶ በጎን በር ወጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ውሸት ምን ያደርጋል፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ከአዳራሹ ስወጣ ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ። ጓደኛዬ ግን በረንዳው ላይ ለብቻዋ ቆማለች። ያንን በራሪ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ይዛዋለች።

"ዶክተር፣ ይኸን ስህተት መቼ ነው ያወቁት?" አለችኝ።

"ጽሑፉ የወጣ ዕለት" አልኳት። ኩራት ነበረበት አነጋገሬ።

ቀስ ብላ፣ "የዛሬ አራት ዓመት አንዲት አራስ ሌሊት ሌሊት እያለቀሰች ብታስቸግር፣ ቤተሰቦቿ ወደ እኔ ይዘዋት መጡ። እኔ ይኸንን ወረቀት አይቼ፣ ጠባይዋ ነው፣ ይተዋታል ብዬ መለስኳቸው። አልተዋትም። እስከ ዛሬ ልጇን አታቅፍም። ልጅቱ አክስቷን ነው እማ የምትለው" አለች። ዓይኔን አየችኝ። "እንግዲያ እኔ እሷን ስመልሳት እርስዎ ያውቁ ነበራ?"

ወረቀቱን የጻፈው እሱ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። እውነትም የጻፈው እሱ ነው። እሷ ግን የጠየቀችኝ ስለ እሱ አልነበረም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ፣ ሳትሰናበተኝ ወደ መናኸሪያው ወረደች።

በማግስቱ ዳባት ሄጄ፣ ያቺን እናት ሐኪም ዘንድ እንድትወስዳት ጓደኛዬን ለመንኳት። ወሰደቻት። አሁን ሕክምና ላይ ናት። ጓደኛዬ ግን ከዚያ ወዲህ "ዶክተር" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመረችልኝም።

ስህተቱን አመልክቼ ስለነበር፣ በዚህ ወር ጽሑፉን ያተመው መጽሔት የማረሚያ ቅጽ ላከልኝ። ስሜ ከጸሐፊዎቹ ተርታ እንዲገባ ተፈቅዷል፤ ከእሱ ስም ቀጥሎ። ቅጹን ደስ እያለኝ ሞላሁ፣ ማን ተሳሳተ የሚለውንም ሳልራራ ሞላሁት። ከታች አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ ስህተቱ የታወቀው መቼ ነው ይላል። የሥልጠናውን ቀን ብጽፍ የሚያውቅብኝ የለም፣ ከአንዲት ሴት በቀር።

እውነተኛውን ቀን፣ ጽሑፉ የወጣበትን፣ ጻፍኩ። እሱ ይውደቅ፤ መውደቅ ይገባዋል፤ ዛሬም አልራራለትም። ስሜም በስድስት ዓመቱ ተመልሶልኛል፤ ከስሙ አጠገብ፣ በዚያው ስህተት ሥር።