ምራቂ ኮድ የለውም

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ሐሙስ ማታ ነው። አባቴ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ስንቄን ሽሮ መዘነልኝ። ሁለት ኪሎ ሞላ፣ ሚዛኑ እኩል ቆመ። ከዚያ እንደ ልማዱ አንድ ጭልፋ ዛቀና ጨመረበት።

«አባዬ፣ ሻንጣዬ እኮ ልኩ ሃያ ሦስት ኪሎ ነው» አልኩት።

«ያለ ምራቂ ከዚህ ሱቅ የወጣ ሰው የለም። በአንተ ልጀምር?»

ቦሌ ላይ የሻንጣው ክብደት ከልኩ አለፈ። ሠራተኛዋ «ትርፉ ምንድነው?» አለችኝ። «የአባቴ ምራቂ» አልኳት። ሳቀችና አሳለፈችኝ። ከዚያ ወዲህ በሚዛን ጉዳይ የሳቀልኝ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲገባችሁ በቅደም ተከተል ላስረዳ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል የኢኮኖሚክስ መምህር ነበርኩ። ብሩ በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ፣ የችርቻሮ ንግድም ለውጭ ባለሀብት ሲከፈት፣ ከመምህራን ሁሉ ቀድሜ ሰሌዳ ላይ ሥዕል የሣልኩት እኔ ነኝ። ውድድር ዋጋ ያወርዳል፣ ሸማች ይጠቀማል። ባልደረቦቼ ስለ ዘይት ዋጋ ሲጠይቁኝ «የሽግግር ጊዜ ነው» እላቸው ነበር። የእኔ ደመወዝ ግን አልተሻገረም። ባለቤቴ ሰላም ኦስሎ ያደገች ስለሆነች በትዳር ወደዚህ መጣሁ።

አባቴንም አስረድቼው ነበር። በቀን ስንት ጭልፋ በምራቂ እንደሚሄድ፣ ያም በዓመት ስንት ኩንታል እንደሚሆን ጻፍኩለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። «ገባኝ» አለ። ቀጥላ ለመጣችው ሴትዮ ሁለት ጊዜ ዛቀላት።

አሁን ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ የውጭ ባለሀብት ትልቅ ሱፐርማርኬት ሊከፍት ነው። የአባቴን ሱቅ ደግሞ ልከራይ የሚል ሰው መጥቷል። «አንተ እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ላከራየው ወይስ ልቀጥል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «አስቤ እደውላለሁ» አልኩ። ሰውየው እስከ እሁድ መልስ ይፈልጋል።

እውነት ነው፣ የምሠራው እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ ነው። ከምንኖርበት ቬስትሊ ተነስቼ፣ ባቡር ቀይሬ ፉሩሴት እወርዳለሁ፤ የሱፐርማርኬቱ ዳቦ ክፍል ነኝ። ብርዱ አይከብደኝም፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የከበደኝ ጸጥታው ነበር። ሰው ይገባል፣ ዕቃውን ራሱ ለማሽን ያስነብባል፣ ይወጣል። ሱቁ በየሰፈሩ ስሙ ይለያያል እንጂ ባለቤቶቹ ጥቂት ናቸው። መንግሥታቸው ከውጭ በሚገባ አይብ ላይ ከባድ ቀረጥ ይጥላል፤ የራሱን ገበሬ ይጠብቃል። ይህን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም፤ አላውቅም ነበር። ሳውቅም ብዙ አልደነቀኝም። እዚህ ብዙ ነገር አይደንቀኝም።

ማክሰኞ እትዬ ብርቄ መጡ። ሄልስፊር በሚባል ሰፈር ቢሮ የሚያጸዱ፣ እዚህ ያረጁ ሴት ናቸው። ቦለር የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ ስድስት ገዙ።

«መምህሬ፣ ምራቂው የታለ? ባሕር ስትሻገር እጅህ አጠረ?»

እጄ ራሱ ሄደ። ሰባተኛውን ከረጢታቸው ውስጥ ከተትኩት።

ኃላፊያችን ኢንግሪድ አይታኝ ኖሯል። ደግ ሴት ናት፤ ቢሮ ጠርታ ወንበር ሰጠችኝ።

«ስድስት ተከፍሏል፣ ሰባት ወጥቷል» አለች።

«አንዱ ምራቂ ነው።»

«ቅናሽ ማለት ነው?»

«ኔይ፣ አይደለም። በልኩ ከሰጠሽ በኋላ የምትጨምሪው ነው።»

«ለምን?»

«ደንበኛው እንዲመለስ» አልኳት።

«ይመለሳሉ እኮ። ቅርባቸው ያለነው እኛ ነን።» ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «በምን ኮድ ላስገባው? የተሰረቀ አለ፣ የተጣለ አለ።»

«ማታ የተረፈውን ስንጥለውስ?»

«እሱማ ኮድ አለው።»

«ስለዚህ ብጥለው ሥራ ነው፣ ብሰጠው ስርቆት?»

«አዎ» አለች፤ «በደንብ ገብቶሃል።» ለእኔ ብላ «የተጣለ» በሚለው አስገባችው።

አመሰገንኳት። አልተናደድኩም፣ አላፈርኩምም። ድምጿን ግን አውቀዋለሁ፤ ረጋ ያለ፣ ቅደም ተከተል ያለው። አባቴን ያስረዳሁት በዚያ ድምፅ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ደወልኩ።

«ሰላም ደህና ናት? በረዶውስ?» አለኝ አባቴ።

«ደህና ነን አባዬ።»

«ሰውየው ነገ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እዚያ ምራቂ ይሰጣሉ?»

«አይሰጡም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ሳቀ። «እንግዲያውማ ምን ያስፈራኛል! እኔ እኮ እነሱም የሚሰጡ መስሎኝ ነበር። ነገ አላከራይም እለዋለሁ።»

እዚህ ላይ ማስረዳት ነበረብኝ። እትዬ ብርቄ ሐሙስ ተመልሰው መጥተዋል። ስድስት ገዙ፣ ስድስት ይዘው ሄዱ፤ ምራቂም አልጠየቁኝም። እኔም የምገዛው ከዚያው ከምሠራበት ነው። ቅርብና ርካሽ ከሆነ ሰው ያለ ምራቂም ይለምዳል። ሁሉም በተራ በተራ አፌ ላይ ነበር።

«አለህ?» አለኝ።

«አለሁ።»

«ቆየኝ፣ ሰው መጣ።»

ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። አንዲት ሴት ግማሽ ኪሎ ምስር ጠየቀች። ምስሩ ሚዛኑ ላይ ሲወርድ ሰማሁ፤ ቆመ። ከዚያ አንድ ጊዜ እንደገና ወረደ።

ስልኩን እስኪያነሳው ጠበቅሁ። የምለው ነገር አላዘጋጀሁም።