እግሬን አሞኝ ወገቤን ሲያነሱኝ

ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ ስነዳ ዓመታት ሆኖኛል። አንድ ቀን ሲሪንቃ ላይ ሰው ላወርድ ስቆም ግራ እግሬ ከፍሪሲዮኑ አልነሳ አለኝ። መርገጡንስ ይረግጣል፤ ወደ ላይ ማንሳቱ ነው ያቃተኝ። ሕመም የሚባል የለም። ወርጄ ስራመድ ሸበጤ ወልቆ ኋላ ቀርቷል፤ አንዲት ተሳፋሪ ባትነግረኝ ኖሮ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ መኪናውን ለወንድሜ ሰጥቼ ወልድያ ሐኪም ቤት ታየሁ። ሐኪሙ፣ "መነሻው ወገብ ነው፤ እናንተ ሹፌሮች ላይ ይበዛል" ብሎ ደሴ ሄጄ ኤምአርአይ እንድነሳ ጻፈልኝ።

"ወገቤን እኮ አሞኝ አያውቅም" አልኩት።

"አንዳንዴ ሳያምም ነው።"

ውጤቱ "በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ትንሽ ወጣ ብሏል" አለ። ከባድ አታንሳ፣ ጠንካራ ፍራሽ ላይ ተኛ ተባልኩ። ሁለት ወር ተኛሁ። እግሬ ግን እንደተንጠለጠለ ነው፤ ስራመድ ወለሉን ጠፍ ጠፍ ያደርጋል። ባለቤቴ ጓዳ ሆና በድምፁ ብቻ የት እንዳለሁ ታውቅ ጀመር።

አባቴ ከደጋ ሊጠይቁኝ ወረዱ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አድርገው አገላብጠው አዩት።

"ይሄ ወገብህ ነው?"

"አዎ አባዬ።"

"የታመመው እግርህ አይደል እንዴ?"

"እኔስ ምኑን አውቄው? አንቱ ምን ይመስልዎታል?"

"እኔማ በሬ ሲያነክስ እግሩን ነው የማይ" አሉ።

በቀጠሮዬ ቀን የቀድሞው ሐኪም አልነበረም፤ በቦታው አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችኝ። ሱሪዬን አሰብስባ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል አጥንቱ ጎላ ያለበትን በጣቷ መታ መታ ስታደርገው ዘለልኩ። ንዝረቱ እስከ እግሬ ጣቶች ወረደ።

"እግርህን የሚያነሳው ነርቭ በዚህ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለ ዲስክ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይም ይታያል። አሁን ጉልበትህን ትነሳለህ" አለችኝ።

"ደግሞ ጉልበት? እሱም እኮ አላመመኝም!"

"ገብቶኛል። ግን ተነሳ።"

ደሴ ተመለስኩ። ማሽኑ ሲያንኳኳ ሳልነቃነቅ ተጋድሜ፣ ከገዛ ሰውነቴ የትኛውን እንደማምን ጠፋኝ። አዲሱን ፊልም ይዤላት ስመጣ ሐኪሟ በእስክሪብቶዋ አሳየችኝ። ከመገጣጠሚያው የወጣ ፈሳሽ ነርቩ አጠገብ የወይን ፍሬ የምታክል እብጠት ሠርቶ ተጭኖታል።

"ይህ ነጩ እሱ ነው።"

"ያኛው ነጭስ?"

"እሱ ጡንቻህ ነው። ነርቩ ስለተጎዳ እንዲህ ይነጣል።"

የወገቤ ፊልም ላይ ነጩ ደህና ነው፣ የጠቆረው ነው የተጎዳው ተብዬ ነበር። አሁን ደግሞ ነጩ ሆነ በሽታ። ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ከየት እንደምጀምር አጣሁና ራሴን ነቀነቅሁ።

እብጠቱ በቀዶ ጥገና ወጣልኝ። ለወራት ምንም ለውጥ ሳላይ ቆየሁና፣ አንድ ቀን ጠዋት ካልሲ ሳጠልቅ እግሬ በራሱ ቀና አለ። ባለቤቴን በጩኸት ጠራኋት፤ የወደቅሁ መስሏት እየሮጠች መጣች።

አሁን እየነዳሁ ነው፤ የእግሬ አውራ ጣት ብቻ ገና ይለግማል። ሐኪሟን ውሃው ለምን እዚያ እንደተቋጠረና ይመለስ እንደሆነ ጠየቅኳት። "ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት አናውቅም። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል" አለችኝ። ስላልዋሸችኝ አመሰገንኳት፤ የገባኝ ነገር ግን እምብዛም አልነበረም።